የቢሮውን ኔትወርክ ለማን እንስጠው? ለወሎ መሥሪያ ቤቶች የንጽጽር መመሪያ

ደሴ ጉዳይ ያለው ሰው የሚፈራት አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ሲስተም የለም።» ከኩታበር ወይም ከሐይቅ በጠዋት ተነስቶ የመጣ ሰው ይህችን ሲሰማ ከማን ጋር ይጣላል? መስኮቱ ጀርባ ያለችው ልጅ ያጠፋችው ነገር የለም። እሷም እንደ እሱ ቁጭ ብላ እየጠበቀች ነው። ሲስተሙ ለምን እንደጠፋና መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው ግን ግቢው ውስጥ አለ ወይ?

እኔ በዚህ ሥራ በሁለቱም ወገን ቆሜያለሁ። መጀመሪያ የአንድ መሥሪያ ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነበርኩ። በኋላ ደግሞ በውል የመንግሥት ቢሮዎችን ኔትወርክ ከሚይዝ ድርጅት ጋር ሠራሁ። የሁለቱንም ጥሩ ጎን አይቻለሁ፣ የሁለቱንም ተንኮል አውቃለሁ። የምጽፈው በተለይ ለቢሮ ኃላፊዎችና ለግዥ ባለሙያዎች ነው። የቴክኒክ ሰው መሆን አያስፈልጋችሁም። አብሽሩ።

ሦስት ፕሮፎርማ፣ ሦስት የተለያየ ዕቃ

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «ሦስት ፕሮፎርማ አምጡ» ከሚለው ነው። ሦስቱ ይመጣሉ። የአንዱ ዋጋ የሌላው እጥፍ ነው። ኮሚቴው ይደናገራል። መጨረሻ ላይ «ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው» ይባልና ያልቃል።

ልብ ብላችሁ ብታነቡት ግን ሦስቱ ያቀረቡት አንድ ሥራ አይደለም። አንዱ ሲበላሽ መጥቶ ሊጠግን ነው። ሁለተኛው በየቀኑ ሊከታተል ነው። ሦስተኛው «የሳይበር ደህንነት» የሚል መስመር ጨምሮበታል፤ ምን እንደሚሠራ ግን አልጻፈም። ባቲ ገበያ ላይ በግ፣ ፍየልና ግመል አቁሞ «የቱ ይረክሳል?» እንደማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። አንደኛው ኔትወርኩ እንዳይቋረጥ መጠበቅ ነው፦ ራውተር (ቢሮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘው ዕቃ)፣ ስዊች (ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው)፣ ኬብል፣ የኢንተርኔት መስመር፣ ወረዳ ኔት (ወረዳዎችን የሚያገናኘው የመንግሥት ኔትወርክ)፣ ሰርቨር (የጋራው መረጃ ያለበት ዋና ኮምፒውተር)፣ ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ)። ሁለተኛው ማን እንደሚገባና እንደማይገባ መቆጣጠር ነው፦ ፓስወርድ፣ ፋየርዎል (ከውጭ የሚገባውን የሚያጣራ አጥር)፣ የሶፍትዌር እድሳት፣ የመግቢያና መውጫ መዝገብ፣ ጥቃት ሲደርስ የሚወሰድ እርምጃ።

ሁለቱ አንዳንዴ ይጣላሉ። ኔትወርኩ ቶሎ እንዲሠራ የሚሯሯጥ ሰው በር መክፈት ይወዳል። «ፋየርዎሉን ለጊዜው አጥፍቼዋለሁ» ይላችኋል። ይቺ «ለጊዜው» የምትባል ነገር ሁለት ዓመት ስትቆይ አይቻለሁ። እኔም ራሴ አድርጌያታለሁ፣ አልክድም።

መመዘኛዎቹ

ከአማራጮቹ በፊት መለኪያውን እናስቀምጥ። ከሁሉም የማስቀድመው ብዙ ኮሚቴ የማይጠይቀውን ነው።

*ቁልፉ ማን ጋር ነው?* አንድ መሥሪያ ቤት ከኮንትራክተሩ ጋር ውሉ አለቀ። አላደሱም። ከሁለት ወር በኋላ የኢንተርኔት መስመሩ ሲቀየር ራውተሩ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አስፈለገ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ናት። ፓስወርዱን የሚያውቅ ግን የለም። የቀድሞው ባለሙያ ስልክ አይነሳም። ሲነሳም «እኔ ከዚያ ድርጅት ወጥቻለሁ ወንድሜ» አለ። ምርጫው አንድ ብቻ ሆነ። ሪሴት አደረግነው። ያኔ ውስጡ ያለው ማስተካከያ በሙሉ ጠፋ። የትኛው ክፍል በየትኛው መስመር እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድ ወረቀት እንኳ አልነበረም። ከዜሮ ጀምረን ስንሠራ ሁለት ቀን ፈጀ። ባለጉዳዩ ሁለት ቀን ሙሉ «ሲስተም የለም» ተባለ።

ቢሮው ራውተሩን በራሱ ገንዘብ ነው የገዛው። ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ተቆርጦለታል፣ ንብረት ክፍል መዝግቦታል። ቁልፉ ግን የሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። እንዲህ ከሆነ ዕቃው የማን ነው?

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኛውንም አማራጭ ስመዝን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይኼ ነው። የዋና መቆጣጠሪያ ፓስወርዶች፣ የኔትወርኩ ንድፍና የየዕቃው የማስተካከያ ፋይል በቢሮው እጅ ናቸው ወይ? ሥራውን ለሌላ መስጠት ይቻላል። ቁልፉን ግን አይቻልም።

*ስንት ሰዓት ውስጥ ይደርሳል? ስንት ሰዓት ውስጥ ይሠራል?* እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። «በአራት ሰዓት ውስጥ ምላሽ እንሰጣለን» የሚል ውል ስልክ በማንሳት ብቻ ይሟላል። «ሰምተናል፣ እያየነው ነው» ማለትም ምላሽ ነው። እናንተ የምትፈልጉት የተቋረጠው የሚመለስበት ሰዓት ነው። እሱን አጽፉ።

የወሎ መልክዓ ምድር እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 401 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ። ኮምቦልቻ ያለ ቢሮ ከደሴ ባለሙያ ቢጠራ ሐረጎን ወርዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርስለታል። መካነ ሰላም ወይም ወግዲ ያለ ወረዳ ግን በሌላ ሒሳብ ነው የሚኖረው። ክረምት ሲሆን፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ ሒሳብ። ለሩቅ ወረዳ ከባለሙያው ፍጥነት ይልቅ መጋዘን የተቀመጠ መለዋወጫ ይጠቅማል። አንድ ትርፍ ስዊች፣ አንድ ትርፍ የኃይል አስማሚና ቁጥር የተለጠፈባቸው ኬብሎች ካሉ በስልክ እየተመራ ጸሐፊዋም ልትቀይረው ትችላለች። አይቻለሁ፣ ተችሏል።

*የመቶኛዋ ጨዋታ።* አንዳንድ ውል «ኔትወርኩ 95 በመቶ ይሠራል» ይላል። ለፈተና ጥሩ ውጤት ነው። ለኔትወርክ ግን እስቲ እናስላው። ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። አምስት በመቶው 438 ሰዓት ይሆናል። መቋረጡ ሁሉ በሥራ ሰዓት ቢሆን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ስንቆጥር፣ ከ54 የሥራ ቀን በላይ ማለት ነው። ኮንትራክተሩ ያንን ሁሉ ቀን አጥፍቶ «ውሌን አክብሬያለሁ» ሊላችሁ ይችላል። ሌሊት ማንም በሌለበት ሲሠራ ያደረው ተቆጥሮለታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። መለኪያው በሥራ ሰዓት ይሁን። 250 የሥራ ቀን በስምንት ሰዓት 2,000 ሰዓት ነው። 99 በመቶ ካላችሁ በዓመት የሚፈቀደው መቋረጥ 20 ሰዓት ይሆናል። መብራት ሲጠፋና የቴሌኮም መስመሩ ራሱ ሲቋረጥ ምን እንደሚቆጠር ለይታችሁ ጻፉ። ይህ ካልተለየ ሁሌም ጥፋቱ የመብራት ይሆናል። ሆስፒታልና ሌሊት የሚሠራ አገልግሎት ደግሞ የሃያ አራት ሰዓቱን መለኪያ መያዝ አለበት።

*ባክአፑ የት ነው?* በዚህ ላይ ወሎ ውስጥ ብዙ መናገር አያስፈልግም ነበር። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የስንት ቢሮ ኮምፒውተር እንደሄደ የኖረበት ያውቃል። እኔ የማውቀው አንድ መሥሪያ ቤት ባክአፕ ነበረው። በደንብ ነበረው። ውጫዊ ሃርድ ዲስኩ የተቀመጠው ግን ከሰርቨሩ ሥር ባለው መሳቢያ ነበር። አብረው ሄዱ። ሌላ ቢሮ ደግሞ ምንም ሥርዓት አልነበረውም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ከከተማ ስትወጣ የደሞዝ ዝርዝሩን በፍላሽ አድርጋ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ሲመለሱ ደሞዝ የተከፈለው በዚያች ፍላሽ ነው።

ጀግንነት ነው፤ ሥርዓት ግን አይደለም። የሰው ደሞዝ ያለበት ፍላሽ መንገድ ላይ ቢወድቅስ? ባለሙያዎች የሚስማሙበት ልማድ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ የሚለው ነው። ከግቢ ውጭ ማለት ደግሞ መንገዱን ተሻግሮ ያለው ቢሮ ማለት አይደለም። ሌላ ከተማ ይሁን። የተቆለፈ ይሁን፣ ማለትም ያለ ቁልፍ ቃል የማይነበብ። ደግሞም በየሦስት ወሩ መልሳችሁ ከፍታችሁ እዩት። ያልተሞከረ ባክአፕ አለኝ አይባልም።

*ኮንትራክተሩ ራሱ በር ነው።* ደህንነት ስንገዛ የምንረሳው ይኼንን ነው። ለውጭ ሰው ቁልፍ ስትሰጡ የእሱ ቤት ሌባ የእናንተም ቤት ሌባ ይሆናል። በ2015 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የሠራተኞች አስተዳደር መሥሪያ ቤት መዘረፉ ሲታወቅ የ21.5 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ወጥቶ ተገኘ። ሰርጎ ገቦቹ የተጠቀሙት የአንድ ኮንትራክተር መግቢያ ስምና ፓስወርድ ነበር። በ2021 እ.ኤ.አ. ሐምሌ ወር ላይ ደግሞ የአይቲ ኮንትራክተሮች ደንበኞቻቸውን ከርቀት በሚያስተዳድሩበት አንድ ሶፍትዌር በኩል ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ፣ ማለትም ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ፣ ተለቀቀ። እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶች ተጎዱ። ስዊድን ውስጥ 800 የሚጠጉ የአንድ ሱፐርማርኬት ሱቆች ተዘጉ። ሱቆቹ ምንም አላጠፉም። የኮንትራክተራቸው መሣሪያ ነው የተበሳው።

እኛ ጋ ይህ በኤኒዴስክ፣ ኮምፒውተርን ከርቀት በሚከፍተው ፕሮግራም፣ ይመጣል። «ክፈትልኝና ቁጥሩን ላክልኝ» ይባላል፣ ይላካል። ባለሙያው ገብቶ ይሠራል። ከዚያ «ሁልጊዜ እንዳላስቸግርህ» ብሎ ቋሚ ፓስወርድ ያስቀምጥበታል። ከዚያ በኋላ ያ ኮምፒውተር ሌሊትም ክፍት ነው። ከርቀት መግባት ጥሩ ነገር ነው፤ ለሩቅ ወረዳ እንዲያውም ግድ ነው። ግን በተፈቀደ ሰዓት፣ በሰውየው ስም፣ በሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከፓስወርዱ ሌላ ሁለተኛ መለያ በሚጠይቅ) እና በመዝገብ ይሁን።

ሌላው የእድሳት ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ 10 ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ መደበኛው የነፃ ድጋፉ ቆሟል። በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባው ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶለት ሳለ ባልታደሱ ኮምፒውተሮች ነበር። እንግዲህ ስንቱ ቢሮ በክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በተከፈተ፣ ዊንዶውስ እንደሚሠራ እኔም እናንተም እናውቃለን። ኮንትራክተር ስትቀጥሩ በየወሩ ስንት ኮምፒውተር እንደታደሰ በቁጥር ይንገራችሁ። «ሁሉም ደህና ነው» መልስ አይሆንም።

ሕጉንም አትርሱ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በሚያስተዳድረው ሲስተም ላይ ወንጀል መፈጸሙን ያወቀ የመንግሥት አካል እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አለ። የባለጉዳይ መረጃ ሲወጣ «ኮንትራክተሩ ነው» ማለት ቢሮውን ነፃ አያወጣም።

*ዋጋ።* እዚህ ላይ አጠር ላድርገው። የአንድ ዓመቱን ሳይሆን የሦስት ዓመቱን አስሉ። ውሎ አበል፣ ትራንስፖርት፣ መለዋወጫ፣ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ ሥልጠና፣ ቫት ሁሉ ይግቡ። በሌላው ሚዛን ደግሞ የመቋረጡን ዋጋ አስቀምጡ። 30 ሠራተኛ ያለው ቢሮ አንድ ቀን ሲቆም 240 የሥራ ሰዓት ደሞዝ ተከፍሎበት ባዶ ይሄዳል። የባለጉዳዩን ትራንስፖርት አልቆጠርኩም።

አራቱ አማራጮች

*ሲበላሽ መጥራት።* ብዙው ቢሮ ያለው እዚህ ነው። ፒያሳ አካባቢ ሱቅ ያለው ልጅ አለ፣ ይደወላል፣ ይመጣል፣ ይከፈለዋል። ጎበዝ ልጅ ነው ብዙ ጊዜ። ርካሽ ነው፤ ቢያንስ ወረቀት ላይ። የሚጠራው ግን ከተበላሸ በኋላ ነው። ቀድሞ የሚያይ የለም። ባክአፕ የማንም ኃላፊነት አይደለም። ቁልፉ በልጁ ስልክ ውስጥ ነው የተጻፈው። ያ ልጅ ደግሞ የስንት ቢሮ ቁልፍ በዚያች ስልክ ይዞ እንደሚዞር አስቡት። ደህንነት የሚባለው እዚህ የለም። ኮምፒውተር ፎርማት ማድረግና አንቲ ቫይረስ መጫን ደህንነት አይደለም።

*የራስ ባለሙያ።* ልቤ የሚያደላው እዚህ ነው፣ ከዚህ ስለወጣሁ። ግቢው ውስጥ ነው። የትኛዋ ኬብል በየትኛው ኮርኒስ እንደምታልፍ ያውቃል። ሠራተኛው ያምነዋል። ወሎ ዩኒቨርሲቲና የኮምቦልቻው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ ልጆች ስለሚያስመርቁ ሰው አይጠፋም። ችግሩ ማቆየቱ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ተምሮባችሁ ባንክ ይወስደዋል። አትፍረዱበት። ሲሄድ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ኔትወርክ አብሮት ይሄዳል። ሌላው ደግሞ አይሲቲ ማለት በእኛ ቢሮ ፕሪንተር ማስተካከል፣ የስብሰባ ማይክ መትከል፣ የኃላፊውን ልጅ ስልክ መክፈት ጭምር ነው። ለደህንነት የሚተርፈው ሰዓት የለም። ዓመት ፈቃድ ሲወጣስ ማን ይተካዋል?

*የዓመት ውል ከኮንትራክተር ጋር።* ጥሩ ኮንትራክተር ለብቻችሁ የማትችሉትን ያመጣል። ብዙ ቢሮ ስለሚይዝ አንድ መከታተያ ክፍል ይኖረዋል። እዚያ ስክሪን ላይ የእናንተ ስዊች ቀይ ሲሆን እናንተ ሳትደውሉ ይደውልላችኋል። ፋየርዎል የሚያውቅ ሰው፣ ሰርቨር የሚያውቅ ሰው፣ ኬብል የሚጎትት ሰው ለየብቻ አለው። አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካል።

መጥፎው ደግሞ እንዲህ ነው። በጨረታው ሰነድ ሲቪው የገባው ባለሙያ ሌላ፣ መሰላል ተሸክሞ የሚመጣው ልጅ ሌላ። የወሩ ሪፖርት ካለፈው ወር ተገልብጦ ቀኑ ብቻ ይቀየራል። አንዳንዴ ቀኑም ይረሳል። ይህን ደግሞ ከውስጥ ሆኜ ስላየሁት ነው የምነግራችሁ።

ከአዲስ አበባ ነው ከደሴ? የሚል ክርክር ሁሌ አለ። የአዲስ አበባው ብዙ ጊዜ በደህንነት ዕውቀት ይበልጣል፤ እጁ ግን ሩቅ ነው። ሁሉን በርቀት እሠራለሁ ይላል። በርቀት የሚሠራው መስመር እስካለ ድረስ ነው። መስመር ሲጠፋ ደግሞ የሚፈለገው እሱ ነው። በክልላችን ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ ያየን ሰዎች ይህን ልንረሳ አንችልም። የደሴው ወይም የኮምቦልቻው በእግሩ ይደርሳል፤ ነገር ግን ሁለት ሰው ብቻ ያለው ድርጅት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድ ቀን ወልድያ ከሄዱ እናንተ ወረፋ ያዛችሁ። ስንት ቢሮ እንደያዘና ስንት ባለሙያ እንዳለው ጠይቁት። መልሱን ሲሰጥ ፊቱን እዩ።

*ቅልቅል።* አንድ የራስ ባለሙያ ይኖራል። ቁልፉ፣ ንድፉና ባክአፑ በእሱ ኃላፊነት ነው። ከባዱ ሥራ፣ ክትትሉና የደህንነት እድሳቱ በተወሰነ ውል ለውጭ ይሰጣል። ባለሙያው የኮንትራክተሩን ሥራ ይፈትሻል። ኮንትራክተሩ ባለሙያው ሲለቅ ክፍተቱን ይሸፍናል። አንዱ ለአንዱ መስተዋት ነው። ይህን በአንድ ግቢ ወይም በአንድ ከተማ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎች ተጋርተው ሊያደርጉት ይችላሉ። ወጪው ይከፈላል፣ የመደራደር አቅሙ ይጨምራል። የሚያስቸግረው ቴክኒኩ አይደለም። «ከማን በጀት ይከፈል?» የሚለው ነው።

በየትኛውም አማራጭ ግን ሥራውን የሚሠራ ሰው ፈታሹም እንዳይሆን። የደህንነት ፍተሻ በሌላ አካል ይደረግ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት እዚህ ላይ በአዋጅ ቁጥር 808/2006 እንደገና የተቋቋመው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር (ኢንሳ) አለ። የክልልና የዞን የሚመለከታቸው ባለሙያዎችም ይጋበዙ።

በአንድ እይታ

| መመዘኛ | ሲበላሽ መጥራት | የራስ ባለሙያ | የዓመት ውል | ቅልቅል |
|---|---|---|---|---|
| ቁልፉ የሚገኘው | በጥገና ባለሙያው ስልክ | በቢሮው፣ ከተጻፈ | በኮንትራክተሩ፣ ውሉ ካልከለከለ | በቢሮው |
| ችግሩን ቀድሞ የሚያውቀው | ባለጉዳዩ | ሠራተኛው | መከታተያ ክፍሉ | ሁለቱም |
| ቦታው ላይ መድረስ | እንደ ዕድል | ወዲያው | እንደ ርቀቱ | ወዲያው፣ ከባዱ እንደ ርቀቱ |
| ባክአፕ | የለም ማለት ይቻላል | በሰውየው ትጋት | በውሉ ከተጻፈ ጥሩ | ጥሩ |
| የደህንነት አቅም | ደካማ | መካከለኛ | ከጥሩ እስከ አደገኛ | ጥሩ |
| ሰው ሲለቅ | ሁሉም ይጠፋል | ብዙው ይጠፋል | ይተካል | ይተካል |
| ወጪ | ሲታይ ትንሽ፣ ሲቆጠር ብዙ | ደሞዝና ሥልጠና | ከፍ ያለ፣ የታወቀ | መካከለኛና ከፍ ያለ |

በዓመት ውሉ ዓምድ «ከጥሩ እስከ አደገኛ» ያልኩት ለማካበድ አይደለም። ከአማራጮቹ ሁሉ ልዩነቱ የሚሰፋው እዚያ ነው።

ለማን የቱ?

አሥር፣ አሥራ አምስት ኮምፒውተር ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት በጀቱ ጠባብ ከሆነ ለሙሉ ውል አይጨነቅ። በጥሪ ይሥራ። ግን ሦስት ነገር ያድርግ፦ ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ይግባ፣ መለዋወጫ ይቀመጥ፣ ባክአፕ በየሳምንቱ በአንድ በተሰየመ ሰው ይወሰድ። ጥሩ ዩፒኤስም (መብራት ሲጠፋ ወይም ሲዋዥቅ ዕቃውን የሚጠብቅ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ይጨመርበት። በክረምት መብረቅና የመብራት መዋዠቅ የሚያቃጥለውን ስዊች ዋጋ ስታስቡት ዩፒኤሱ ራሱን ይከፍላል። ከጎረቤት ጽሕፈት ቤቶች ጋር አንድ ባለሙያ መጋራት ከቻለ ደግሞ የተሻለ።

ገንዘብና ግብር የሚነካ ቢሮ፣ ፍርድ ቤት፣ የከተማ አስተዳደር፣ መሬት ይዞታ የያዘ ቢሮ ቅልቅሉን ይምረጥ። እዚህ ላይ አልከራከርም። መረጃው ቢቀየር ወይም ቢጠፋ ሰው ቤቱን የሚያጣበት ቦታ ነው። የራስ ሰው ግድ ነው፣ ሁለተኛ ዓይንም ግድ ነው።

ሆስፒታል ሌሊትም ስለሚሠራ የሃያ አራት ሰዓት ክትትል ያስፈልገዋል። ውል ይግባ፣ ግን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሰው ካለው ድርጅት ጋር። ኔትወርክ ሲጠፋ በወረቀት የሚሠራበት መንገድም ይዘጋጅ። የካርድ ክፍሉ ሰዎች ያውቁበታል፤ እነሱን ጠይቁ።

ገና በምሥረታ ላይ ያለና ባለሙያ የሌለው መሥሪያ ቤት ለአንድ ዓመት ሙሉ ውል ይግባና በዚያው ዓመት ሰው ይቅጠር። ውሉ ውስጥ «የቢሮውን ባለሙያ ያሠለጥናል» የምትል አንቀጽ ትግባ። ኮንትራክተሮች ይህችን አንቀጽ አይወዷትም። ስለማይወዷት ነው የምትገባው።

ከመፈረማችሁ በፊት

ድርጅቱ የሚሰጣችሁን የምስክርነት ስልክ አትደውሉ። እሱ የተደሰተ ደንበኛ ነው። ውሉ ያለቀበትን ቢሮ ፈልጋችሁ «ሲወጣ ምን አስረከባችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ቢሮ የምትሰሙት ከማንኛውም የቴክኒክ ነጥብ ይበልጣል።

ውሉ ላይ የመጨረሻው ክፍያ ከርክክብ ጋር ይታሰር። ፓስወርድ፣ ንድፍ፣ የማስተካከያ ፋይል፣ የፈቃድ ሰነድ በዝርዝር ካልተረከባችሁ አይከፈልም። በተረከባችሁ ማግሥት ደግሞ ፓስወርዶቹን ሁሉ ቀይሩ። የሚመጡት ባለሙያዎች በስም ይጻፉ፤ ሲቀየሩ በደብዳቤ ይታወቅ። ሚስጥር ጠባቂነቱ ውሉ ካለቀ በኋላም ይቀጥል።

የሥራ ዝርዝሩን እስከ ግንቦት አዘጋጁ። ሰኔ ላይ በጀት እንዳይቃጠል ተብሎ የሚፈረም ውል ማንም አያነበውም፣ እኔም አንብቤ አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ወር ደግሞ ለቆጠራ ብቻ ይሁን። ኮንትራክተሩና የእናንተ ሰው ክፍል ለክፍል እየዞሩ ኔትወርኩ ላይ የተሰካውን ሁሉ ይመዝግቡ። አንድ ቢሮ እንዲህ ስንዞር ከኮርኒሱ በላይ ማንም የማያውቃት ትንሽ ዋይፋይ ራውተር አገኘን። በሰርቨሩ መስመር ላይ ተሰክታ መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ፓስወርዷ ከ1 እስከ 8 ያሉት ቁጥሮች ነበሩ፣ በተርታ። ከግቢው ማዶ ያለው ቡና ቤትም ያውቀዋል። የሰቀላት ሰው ከቢሮው ከተዛወረ ሦስት ዓመት ሆኖታል።